ወደ ግድግዳው የተጠየቀው ጥያቄ

መምህሩ በጠመኔ የነጣ እጁን ደረቱ ላይ እንዳደረገ፣ ከንፈሩ አባብጦ፣ ከጠረጴዛው ጀርባ ተዘርሮ ነበር። በላዩ ጥቁሩ ሰሌዳ ላይ በጀርመንኛ አንዲት አጭር ጥያቄ ተጽፋለች። ሰው ከሰው ሲገናኝ የሚጠያየቃት ተራ ጥያቄ ናት፤ «እንዴት ነህ?» ማለት ነች።

መርማሪዋ አስከሬኑን አይታ አልተጸየፈችም። ስንቱን አይታለች! ባልደረቦቿ ምንም አያልፋትም ሲሉ «ወንፊት» ይሏታል። የተጸየፈችው ቆይታ የሰማችውን ነው።

እሷ ስትደርስ ፖሊሶች ሻይ አፍዪዋን ወስደዋታል። መምህሩ ኦቾሎኒ ከቀመሰ ጉሮሮው የሚዘጋ ሰው ነበር፤ ከወተት ሻዩ ስኒ ውስጥ ደግሞ የደቀቀ ኦቾሎኒ ተገኘ። ሴትዮዋ ለተማሪዎቹ ሻይና የተቆላ ኦቾሎኒ ትሸጣለች። ታዲያ ከዚህ ወዲያ ማን ይመራመራል? አንጠልጥለው ወሰዷት። ልጇ እዚያው ክፍል ተማሪ ናት፤ ጀርመን ሄዳ አረጋውያንን ልታስታምም ቋንቋ የምትማር ነርስ። ኮሪደሩ ላይ ቆማ ታለቅሳለች።

«እናቴ የሱን ስኒ ለብቻው ነው የምታጥበው» አለች። «እባክዎ ያስፈቱልኝ። ሌላ ሰው የለኝም።»

«ሲወድቅ ምን አየሽ?»

«ሲተውን መስሎኝ ነበር» አለችና አንገቷን ደፋች።

ምን ማለቷ እንደሆነ ያስረዳት ሌላው ተማሪ ነው፤ ሆዱ ከቀበቶው በላይ የፈሰሰ ጨዋታ ወዳድ የታክሲ ሾፌር።

«መምህሩ ሲወድቅ ምን አደረጋችሁ?»

«ዞርን።»

«ወዴት?»

«ወደ ኋላው ግድግዳ ነዋ! የኛ መምህር እኮ ሲያስተምር ይታመማል። ማለቴ፣ እንደታመመ ሆኖ ይተውናል። መነጽሩን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጥና ዘጭ ይላል። እኛ ከሰሌዳው እንዳናነብ ጀርባችንን ሰጥተን በቃላችን ‹እንዴት ነህ› እንለዋለን። ካልተሳሳትን ይነሳል። ከተሳሳትን ሞቷል!» ብሎ ሳቀና ወዲያው አፉን ያዘ።

«ይቺ ጥያቄ ምኗ ያሳስታል?»

«ኧረ እሷ! ‹ቪ ጌት ኤስ ዲር› ነው የሚባለው። ቃል በቃል ‹እንዴት ይሄዳል ነገሩ ለአንተ› እንደማለት ነው። እኛ ግሱን መጨረሻ ላይ እናሳርፋለን፤ እነሱ ሁለተኛ ላይ ይተክሉታል። የሚሄደው ደግሞ ሰውየው አይደለም፣ ነገሩ ነው። ለሰውየው ነው የሚሄድለት። ስለዚህ ‹ዱ›፣ ‹አንተ› ካሉ ተበላሸ፤ ‹ዲር›፣ ‹ለአንተ› ነው። እኔ ሁሌ ‹ዱ› ይቀድመኛል።»

«ዛሬስ?»

«ዛሬም ቀደመኝ። የትምህርት ቤታችን ዳይሬክተር በር ላይ ሆኖ ‹ዲር በል እንጂ! እስክታስተካክሉ አይነሳም!› ይለናል። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።»

መርማሪዋ መጻፏን አቆመች። እስቲ ይታያችሁ! ሰው ከኋላቸው አየር አጥቶ ይፈራገጣል፤ እነሱ አፍንጫቸውን ግድግዳ ላይ ደቅነው እንዴት ነህ ይሉታል። ያውም እየሳቁ፣ ያውም ሰዋስው እያረሙ። ቱ!

«ዙሩ ያላችሁ ማን ነው?»

«ሁሌ ራሱ ነው የሚለን። ዛሬ ግን... ዳይሬክተሩ መሰለኝ።»

ዳይሬክተሩ የሟች ሚስት ወንድም ነው። ሽቶው ከሱ ቀድሞ ይገባል። ደረቅ ዓይኑን በመሀረብ እየጠረገ ተቀበላት።

«የእህቴ ባል እኮ ነው! እንደ ወንድሜ ነበር የማየው። እኔ ትምህርቱን ለማየት በሩ ላይ ቆሜያለሁ። መነጽሩን አውልቆ ሲያስቀምጥ ‹መተወኑ ነው› ብዬ ዙሩ አልኳቸው።»

«ጠረጴዛው አጠገብ አልደረሱም?»

«ዝር አላልኩም። ይልቅ ያቺን ሴትዮ ዋጋዋን ስጡልን።»

መርማሪዋ ተመልሳ ክፍሉን በዓይኗ አበጠረችው። ከዚያ መነጽሩን በመስኮቱ ብርሃን አገላብጣ አየችው፤ አሸተተችውም። ለሟች ሚስት ስልክ ደወለች። በመጨረሻም ሻይ አፍዪዋን ከጣቢያ አስመጥታ ሁሉንም እዚያው ክፍል ሰበሰበቻቸው። አስከሬኑ ተነስቷል፤ ጥያቄዋ ግን ሰሌዳው ላይ ነበረች።

«የመምህሩ እጅ እስከ አንጓው ጠመኔ ነበር» አለች። «የነካው ሁሉ ነጥቷል። የስኒው ጆሮ ነጭ፣ የወንበሩ መደገፊያ ነጭ፣ የኪሱ አፍ ነጭ። መነጽሩ ላይ ግን ብናኝ ጠመኔ የለም። እሱ አላወለቀውም ማለት ነው። ዓይኑ ላይ እንዳለ ነው የወደቀው፤ ትወና አልነበረም። መነጽሩን ሌላ ሰው አውልቆ፣ አጥፎ፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ዞር ብሎ ያየ ሁሉ ‹ጨዋታ ነው› እንዲል!»

መነጽሩን ወደ ብርሃኑ አነሳችው።

«የመነጽሩ መስተዋት ላይ ቅባት የነካው አውራ ጣት አርፏል። ኦቾሎኒ ኦቾሎኒ ይሸታል። ሻይ አፍዪዋ ክፍል ውስጥ አልገባችም፤ መምህሩ ሻዩን ከኮሪደር ያነሳው ራሱ ነው። ተማሪዎቹ ግድግዳ ያያሉ። ፊቱ ወደ መምህሩ የነበረ አንድ ሰው ብቻ ነው። ዳይሬክተር፣ እስቲ የኮትዎን ኪስ ይገልብጡልኝ።»

ሰውየው አመነታ። ፖሊሱ ገለበጠው። ቀይ የኦቾሎኒ ገለፈት ወለሉ ላይ ረገፈ።

«ኪስዎ ውስጥ አድቅቀው፣ ትሪው ኮሪደር ላይ ሳለ ስኒው ውስጥ ጨመሩት። ላልተማረ ሰው ሰርተፊኬት እንደሚሰጡ መምህሩ ሊያጋልጥዎ ነበር። እህትዎ ነግራኛለች።»

«ኦቾሎኒ መብላት ወንጀል ሆነ እንዴ?» አለ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ። «ጠረጴዛው ጋ ያየኝ ማን አለ?»

መርማሪዋ ወደ ነርሷ ዞረች። ነርሷ ካቴና የገባበትን የእናቷን እጅ ስታይ ቆየች።

«እኔ» አለች። «ትንፋሹ ሲጥ ሲጥ ሲል ሰምቼ ዞርኩ። እጁን በመሀረብ እየጠረገ ከጠረጴዛው ሲመለስ አየሁት። ‹ዙሪ! ጀርመን መሄድ አትፈልጊም?› አለኝ። ዞርኩ። በኋላ ዝም ካልኩ ሰርተፊኬቴን እንደሚሰጠኝ፣ እናቴንም እንደሚያስፈታልኝ ነገረኝ።»

«መርፌውስ?» አለች መርማሪዋ። «ጉሮሮው ሲዘጋ የሚወጋው መድኃኒት ቦርሳው ውስጥ ነበር።»

«የት እንዳለ አውቅ ነበር።»

ዳይሬክተሩን እየገፉ አወጡት። የሻይ አፍዪዋን ካቴና ፈቱላት። ልጇ ልታቅፋት ስትሮጥ እናትየዋ መዳፏን ዘርግታ አቆመቻት።

«ሲያጣጥር እየሰማሽው ነው የዞርሽው?»

«እማዬ፣ ላንቺ ብዬ...»

«በኔ አታመካኚ! ስትዞሪ እኔ መቼ ታሰርኩ? ሰምተሽዋል አልሰማሽውም?»

«ሰምቼዋለሁ።»

እናትየዋ የምትውጠው መራራ ነገር እንዳለ ሁሉ ፊቷ ተኮማተረ። «እነዚያ የጀርመን ሽማግሌዎች አንቺን አምነው ሊታመሙ ነው?» አለችና ነጠላዋን አጣፍታ ወደ በሩ ሄደች።

«እማዬ!» አለች ልጅቷ ከኋላዋ። «እማዬ፣ ደህና ነሽ?»

እናትየዋ ጀርባዋን እንደሰጠች ወጣች።