የባርቦራ ምድጃ

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ፲፱፻፲፭ ዓ.ም.፥ በነሐሴ መባቻ፥ ከኔሙናስ ወንዝ ማዶ ባለው አቀበት ላይ ሰዎች የገዛ ቤታቸውን ያፈርሱ ነበር። ጀርመን ገና አልደረሰም፤ የሚያፈርሱት በትእዛዝ ነው። ሩሲያውያን ገዦች የካውናስን ከተማ ምሽግ ካደረጓት ወዲህ፥ የመድፉ ዓይን እንዳይጋረድ ተብሎ በአቀበቱ ላይ ከእንጨት በቀር ቤት መሥራት ክልክል ነበር፤ ጦር በመጣ ጊዜም ባለቤቱ በገዛ እጁ ሊያፈርስ ቃል ይገባል። ንጉሠ ነገሥቱ ከተማይቱን በጡብና በሲሚንቶ ሲያጥሯት፥ የታጠረለት ሕዝብ በሳንቃ ውስጥ እየተንቀጠቀጠ ያመሰግን ነበር።

ከዚህ ሕዝብ አንዷ ባርቦራ የምትባል ዳቦ ጋጋሪ ነበረች። ባሏን የምሽጉ ግንብ ሲሠራ ተንዶ ገደለው፤ የሳንቃ ቤቷን እሳት በላው፤ ከዚያ ወዲህ እንጨት ላታምን ማለች። ሕጉ ግድግዳን እንጂ ምድጃን አይከለክልም፤ ስለዚህ የጡብ ምድጃ ሠራች። ምድጃው መደብ ነበረው፤ ጓዳ ነበረው፤ መስኮትም አላጣም፤ ሳንቃውን እንደ ነጠላ ከላይ ጣል አደረገችበት።

ትእዛዙ በመጣ ጊዜ የባሏ ወንድም ካዚስ የራሱን ጣሪያ ነቅሎ ሳያበቃ መጥቶ ለመናት።

«እትዬ፥ ጥርስሽን ነክሰሽ አፍርሺው። በኋላ ለሁላችንም ይተርፋል።»

«የወንድምህን ደም የጠጣው ግንባቸው ይቅደም፤ የኔን ከዚያ እናያለን።»

ሳንቃውን ግን አንድ ሳታስቀር አወረደች፤ ምድጃው ራቁቱን በአቀበቱ ላይ ቀረ። የምሽጉ መሐንዲስ ሻምበል ትሩብኒኮቭ ዶማ የያዙ ወታደሮች አስከትሎ መጣና ዞረው።

«ይኼ ምንድነው፥ ሴትዮ?»

«ምድጃ ነዋ፥ ጌታዬ።»

«መስኮት ያለው ምድጃ?»

«ሙቀት ሲበዛ ይታፈናል ብዬ ነው።»

«ማን ነው የሚታፈነው?»

«ዳቦው።»

ወታደሮቹ ሳቃቸውን በጺማቸው ውስጥ ቀበሩ። ሻምበሉ በሕግ እንደሚያስቀጣት ነገራት፤ እሷም ቤት አፍርሺ መባሏን፥ ማፍረሷንም አስረዳችው።

«ምድጃ ካሰጋዎት፥ ይኼ ሁሉ መድፍ አለዎት፤ አንዱን ያዙሩት።»

መድፎቹ ግን ሁሉም ፊታቸውን ወደ ውጭ አድርገው የተተከሉ ናቸው። ሻምበሉ ወታደሮቹን ዶማ እንዲያነሡ አዘዘ። ባርቦራ በምድጃው ደጃፍ ላይ ተቀመጠች፤ ወታደሮቹም እሷን ላለመምታት ከጀርባ ዞረው አንዱን ማዕዘን ናዱ። ጎትተው እንዲያነሷት ገና ሲታዘዙ ከምዕራብ የጀርመን ከባድ መድፍ አጓራ፤ ከምሽጉም የጥሪ መለከት ተነፋ።

«ነገ እመለሳለሁ» አለ ሻምበሉ።

«ይምጡ፤ እዚሁ ነኝ።»

አልተመለሰም። ከሠላሳ ዓመት በላይ የተገነባው ምሽግ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ወደቀ፤ አዛዡም ከወታደሩ ቀድሞ ወጥቶ ሄደ።

በረዶው ሲወርድ አቀበቱ ላይ ጭስ የሚወጣው ከአንድ ስፍራ ብቻ ነበር። ካዚስ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ፥ ጎረቤቶቹም ተከትለውት፥ በባርቦራ ምድጃ መደብ ላይ ተደራርበው አደሩ። የተናደውን ማዕዘን ካዚስ ከወደቀው ምሽግ ባመጣው ጡብ ደፈነው፤ ባርቦራ እያንዳንዱን አገላብጣ እያየች አቀበለችው።

የጦር ታሪክ ጸሐፍት የዚያን ምሽግ መድፍ ቆጥረዋል፤ የግንቡን ውፍረት ለክተዋል፤ የወደቀበትን ምክንያትም እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። የካውናስ ሰው ያን በረዶ በምን ተጠልሎ እንዳለፈው ግን የጠየቀ የለም።