የቦስተን ዋጋ

ኤቫሪስቶ ሬንዶን በማቀዝቀዣው ክፍል ወለል ላይ ተደፍቶ የተገኘው በማለዳ፣ ሠራተኞቹ ገና ጓንታቸውን ሲያጠልቁ ነበር። ሰውነቱ ላይ ቁስል የለም፤ አንገቱ ላይ የእጅ ምልክት የለም። በዙሪያው የእንጆሪ ሳጥን የተደረደረባቸው ሃያ አራት ፓሌቶች፣ የእንጨት መደቦች፣ ቆመዋል። ሐኪሙ አየር አጥቶ ነው የሞተው አለ።

መርማሪ ዶሎሬስ ባራጋን ዋትሰንቪል ስትደርስ ፖሊሶቹ ሥራቸውን የጨረሱ መስሏቸው ነበር። የሟቹን ታናሽ ወንድም አንሴልሞን በካቴና አስረው መኪና ውስጥ አስቀምጠውታል። ሁለቱ ወንድማማቾች ትናንት መጋዘኑ በር ላይ ሲሰዳደቡ አገር ሰምቷል፤ አመሻሹ ላይም የአንሴልሞ ፒክአፕ እዚያው ታይቷል። ድሃን ለመስቀል ይህን ያህል ማስረጃ ይበቃል።

የመጋዘኑ ባለቤት ዌንደል ክራውስ ደጃፉ ላይ ተቀበላት። በአካባቢው ሸለቆ ያሉትን ትንንሽ ገበሬዎች እንጆሪ የሚያቀዘቅዘውም የሚሸጥላቸውም እሱ ነው። ከኋላው ባለው ሰሌዳ ላይ የዕለቱ ዋጋ በጠመኔ ተጽፏል፦ ሎስ አንጀለስ፣ በሳጥን ዘጠኝ ዶላር። ትናንት ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ወደ ቤቱ እንደሄደ፣ ከዚያ ወዲህ ማቀዝቀዣውን እንዳልረገጠ፣ ሞቱንም ዛሬ በስልክ እንደሰማ ነገራት።

«ውስጥ ያሉት ፓሌቶች ለየትኛው ገበያ ናቸው?» አለችው።

«ለሎስ አንጀለስ። የአንድ ቀን መንገድ ስለሆነ ላስቲክ እንኳ አልለበሱም። የነዚህ ሰዎች እንጆሪ ሩቅ መንገድ አይችልም፤ ይፈርጣል። ስንቴ ነግሬያቸዋለሁ።»

ባራጋን የእንጆሪ ለቃሚ ልጅ ናትና ማብራሪያ አላስፈለጋትም። ሩቅ የሚሄድ ፓሌት ከላይ እስከ ታች ላስቲክ ይለብስና፣ ፍሬው እንዳይበሰብስ የተቃጠለ አየር በቱቦ ይሞላበታል። ለቅርብ ገበያ ያንን ወጪ የሚያወጣ ሞኝ የለም።

ወደ አንሴልሞ ሄዳ ካጠገቡ ተቀመጠች። በዘጠኝ ዶላር የለቃሚ ደመወዝ እንኳ አይሸፈንም፤ እንጆሪውን አርሰን እንገልብጠውና እንገላገል ብሎ ከወንድሙ ጋር መጣላቱን አልካደም። ኤቫሪስቶ ግን እሺ አላለም። የብዙ ቀን መንገድ በሚርቀው ቦስተን የጅምላ ገበያ የምትሠራ የአክስታቸው ልጅ ትናንት በቀትር ደውላ፣ የእርሻችሁ ቁጥር ያለበት ሳጥን ፊቴ ቆሟል፣ በሃያ አራት ዶላር እየተሸጠ ነው ብላው ነበር።

«አላመንኩትም» አለ አንሴልሞ። «ያንተ እንጆሪ እንኳን ቦስተን፣ ከወንዙ ማዶም አይሻገር አልኩት። ሰው ፊት። አመሻሽ ላይ ይቅርታ ልለው መጣሁ። መኪናው ቆሟል፣ እሱ የለም። የማቀዝቀዣው በር ላይ ሳጥን ማንሻው መኪና፣ ፎርክሊፍቱ፣ ተጠግቶ ቆሞ ነበር፤ ስሙን ጠርቼ፣ መልስ ሳጣ ተመለስኩ።»

ባራጋን ከመኪናው ወረደች። ክፍሉ ውስጥ ገብታ አንድ ሳጥን ከፈተች፤ ከቅጠሉ ሥር ያለው የፍሬዎቹ ትከሻ ነጭ ነበር። ከዚያ ሟቹ በተደፋበት ቦታ ተንበረከከችና በታችኛው ሳጥንና በእንጨቱ መካከል አየች። ስስ ላስቲክ ተነጥፏል፤ ጠርዙ ላይ የተቦጨቀ ማሸጊያ ፕላስተር ተጣብቋል። ፕላስተሩን ነቅላ ያዘች። አባቷ እድሜውን ሙሉ የለቀመው እንዲህ ላሉ ሰዎች ነበር።

ቀጥሎ የፎርክሊፍት ነጂውን ኒካንድሮን ለብቻው አነጋገረችው። ሬሳውን ያገኘው እሱ ነው፤ የኤቫሪስቶም አበልጅ ነው። ትናንት ከሥራ እንደወጣ ሰርግ ሄዶ እኩለ ሌሊት ድረስ አርባ ሰው አይቶታል። ፕላስተሩን ስታሳየው ጫማውን እያየ የሚያውቀውን ነገራት።

ባራጋን ሁሉንም ሰሌዳው ፊት ሰበሰበቻቸው። ክራውስ፣ ኒካንድሮ፣ ካቴና ያልወለቀለት አንሴልሞ መጡ፤ የሟቹ ሚስት ኦቱልያም መጣች።

«ከፍሬው ልጀምር» አለች ባራጋን። «ትከሻው ሳይቀላ ነው የተለቀመው። ጠንክሮ ሩቅ እንዲደርስ እንጂ ለቅርብ ገበያ እንዲህ አይለቀምም። ማን አዘዛችሁ?»

«እሱ» አለች ኦቱልያ ወደ ክራውስ እያየች። «የሎስ አንጀለስ ሰው እንዲህ ነው የሚወደው ብሎን።»

«ከፓሌቶቹ ሥር የሩቅ መንገድ ላስቲክ ተነጥፏል። እሱ የሚነጠፈው የመጀመሪያው ሳጥን ሳይቀመጥ ነው፤ ለማውጣት ሳጥኑን ሁሉ ማውረድ ይጠይቃል። ገዳዩ የላዩን ገፈፈ፣ ለታችኛው ጊዜ አልነበረውም። የቦስተንን ጭነት የሎስ አንጀለስ ማስመሰል የሚጠቅመው ማንን ነው? አንሴልሞን? አንሴልሞማ ቦስተን የሚባለውን ነገር አላመነም ነበር። ኒካንድሮ፣ ትናንት አሥራ ሁለት ሰዓት ስትወጣ ፓሌቶቹ እንዴት ነበሩ?»

«ላስቲክ ለብሰው ነበር። ሃያ አራቱንም እኔው ነኝ ያሸግኳቸው። የተቃጠለው አየር ታንክም ሙሉ ነበር፤ ዛሬ ባዶ ሆኖ አገኘሁት።»

«ጠዋት ለክራውስ ስትደውል ምን አልከው?»

«አበልጄ ሞተ፣ ድረስ። ሌላ ምንም አላልኩም።»

ወደ ክራውስ ዞረች። «አንተ ከአሥራ ሁለት ሰዓት ወዲህ አልገባሁም አልከኝ። በዚያ ሰዓት ፓሌቶቹ ሁሉ ታሽገው ነበር። ታዲያ ላስቲክ እንዳልለበሱ በምን አወቅህ?»

ክራውስ ወደ መውጫው ተራመደ፤ አንዱ ፖሊስ መንገዱን ዘጋበት።

«ኤቫሪስቶ ተንበርክኮ የገዛ ሳጥኑን ቁጥር ሲያነብ አየኸው። በሩን በፎርክሊፍት ዘጋህ፣ የታንኩን ቱቦ በበሩ ሥር አስገባህ። የተቃጠለ አየር ከባድ ነው፤ ወለል ለወለል ይሞላል። ሲበቃህ በሩን ከፍተህ አናፈስክና ላስቲኩን ገፈፍክ።»

«ዋጋ ከገበያ ገበያ ይለያያል» አለ ክራውስ። «ይሄ ወንጀል አይደለም።»

«መለያየቱ አይደለም። ከአሥራ አምስቱ ዶላር ልዩነት ለመኪናው አራት ብትቀንስ እንኳ ከእያንዳንዱ ሳጥን አሥራ አንድ ዶላር የነሱ ነበር። በገዛ ላባቸው የበይ ተመልካች አደረግሃቸው፤ አንዱ ቀና ብሎ ቢያይ ገደልከው።»

ፖሊሶቹ ካቴናውን ከአንሴልሞ አውልቀው ለክራውስ አጠለቁለት። ኦቱልያ ግን ዓይኗን ከኒካንድሮ ላይ አልነቀለችም።

«ታውቅ ነበር» አለችው። «በየቀኑ ለቦስተን ስታሽግ ታውቅ ነበር።»

«ያባርረኛል ብዬ ነው፣ እቴ።»

«ልጅህን ክርስትና ያነሳልህ እሱ ነው» አለችና ፊቷን አዞረችበት። ከዚያ ወዲያ አላናገረችውም።

አንሴልሞ የተላላጠውን የእጁን አንጓ እያሸ ቆመ። «መርማሪ፣ ፎርክሊፍቱ በሩ ላይ ቆሞ ሳለ… ያኔ እሱ ውስጥ ነበር?»

ባራጋን ልትዋሸው ፈልጋ ነበር፤ አልቻለችም። «ውስጥ ነበር» አለችው።

አንሴልሞ ወደ ማቀዝቀዣው ገብቶ በር አጠገብ ካለው ፓሌት ላይ የእርሻቸው ቁጥር ያለበትን ሳጥን ከፈተ፤ አንድ እንጆሪ አንስቶ በአውራ ጣቱ ተጫነው። ደጋግሞ፣ በሙሉ ኃይሉ ተጫነው። ፍሬው ጠንካራ ነበር፤ አልፈረጠም።