የእሜቴ ሥሮች

የጠፈር መርከቧ አየር ደህና ስለመሆኑ በየጠዋቱ የሚመሰክረው ቁመቱ አንድ ክንድ የማይሞላ ጽድ ነው። ቦንሳይ ይሉታል፤ በሸክላ ሳህን ላይ ድንክ ሆኖ እንዲኖር ዕድሜውን ሙሉ የሚገረዝ ዛፍ ማለት ነው። ይህችኛዋ ዘጠና ዓመቷ ሲሆን ሁለት መቶ አሥራ ሁለቱ መንገደኞች "እሜቴ" እያሉ ይጠሯታል። በሥሮቿ መካከል የተቀበሩ ቀጫጭን ሽቦዎች ጤንነቷን "ሳንባ" ለሚባለው አየር አዳይ ማሽን ይነግሩታል። እሜቴ ከታመመች ሳንባው አየሩ ተመርዟል ብሎ ያምናል፤ ክፍሎቹን አንድ በአንድ እያሸገ አየራቸውን መጥጦ ያወጣል። ሰው በስንፍና ማስጠንቀቂያ እንዳያጠፋ ሲባል ማንም እንዳያዘው ተደርጎ ተሠርቷል።

ገራዥዋ ትርሲት ዛሬ መቀሷን ይዛ ስትቀርብ ቅጠሉ ገና በእጇ ሲነካ ረገፈ።

ክፍል አንድ ትናንት፣ ክፍል ሁለት ደግሞ ዛሬ ከቁርስ በፊት ታሽገዋል። ሰዎቹ በጊዜ ወጥተዋል። ተረኛው ክፍል ሦስት ነው፤ እዚያ ባሏ ባልቻ የልብ ቀዶ ጥገና ተደርጎለት ራሱን ሳያውቅ ከተኛ ዐሥር ቀን ሆኖታል። ሐኪሟ "ከልብ ማሽኑ ከነቀልነው አይተርፍም" ብላ ቁርጡን ነግራታለች። በሩ ሊዘጋ የቀረው አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ነው።

"ምን ጎደላት?" አሉ ካፒቴን ደረሰ ከኋላዋ።

"ምንም። መብራቷ ልክ ነው። ቧንቧው በቀን ሁለት ማንኪያ ውሃ ይሰጣታል፤ ቆጣሪውን አይቼዋለሁ።"

"እንግዲያው?"

"አላውቅም ካፒቴን። ፈርቻለሁ።"

ሃምሳ ደቂቃ ሲቀር ማንም ደፍሮ የማያውቀውን አደረገች፤ ሳህኑን ብድግ አድርጋ ገለበጠችው። ከጠበቀችው በላይ ከበዳት። አፈሩ ረግረግ ረግረግ ይሸታል፤ ሥሮቹ ጠቁረው ያሙለጨልጫሉ። ዛፏ በውሃ ብዛት በስብሳለች።

ውሃ በዚህ መርከብ ላይ በራሽን ነው፤ ለአንድ ሰው በቀን ሦስት ኩባያ። ይህን ሁሉ ያፈሰሰ ሰው ሊፈጃቸው የተነሳ መሆን አለበት ብላ አሰበች። ድምፅ ማጉያውን ያዘች። "ለእሜቴ ውሃ የጨመረ ሰው ካለ አሁኑኑ ይናገር። የባልቻ ነፍስ በዚህ ላይ ተንጠልጥላለች።"

በማጉያው የወጥ ቤቷ አስናቀች ድምፅ መጣ። "እኔ ነኝ። ስትጠወልግ አንጀቴ አልችል ብሎ ከድርሻዬ ግማሽ ኩባያ ሰጠኋት። ማንም ስላላየኝ እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር።"

"እኔም" አለ አንድ መካኒክ። የሕፃናቱ አስተማሪ ተከተለች። ከዚያ በኋላ መቁጠር አልተቻለም። ካፒቴኑ ወለል ወለሉን እያዩ "ሁለቴ" አሉ።

ዛሬ ጠዋት ትርሲትም፣ ያውም ሙያዋ ሆኖ፣ በድንጋጤ ከራሷ ኩባያ አንድ ጉንጭ አፍስሳላት ነበር።

የበሰበሰውን ሥር ሁሉ ቆረጠች። በመጨረሻ ከሥር ሁሉ በታች ክር የምታክል አንዲት ነጭ ጤነኛ ሥር አገኘች። ሽቦዎቹን በሙሉ እሷ ላይ ጠመጠመችና በደረቅ ጠጠር ቀበረቻት። የክፍል ሦስት በር መንቀሳቀስ ጀምሮ ነበር። ሊገጥም አንድ ስንዝር ሲቀረው ቆመ፤ ቆይቶም እየተንፏቀቀ ተመለሰ።

እሜቴ ሥሯ እስኪያገግም ለአርባ ቀን ከቧንቧዋ በቀር ጠብታ መቅመስ የለባትም። በመስታወት ሣጥን ከተቱና ቆለፉባት። ቁልፉን ውሃ ያልሰጣት ሰው እንዲይዝ ተወሰነ። የተሳፋሪው ስም በሙሉ ተጠራ፤ አንድ ሰው ብቻ ተገኘ፤ ባልቻ። እሱም ያልሰጣት ተኝቶ ስለነበረ ነው።

በሦስተኛው ቀን ዓይኑን ሲገልጥ ትርሲት እያለቀሰች ሁሉንም ነገረችው፤ የበሰበሰውን ሥር፣ የሰውን ኑዛዜ፣ የበሩን ነገር። ቁልፉን መዳፉ ላይ አስቀመጠችለት። በትኩረት ሰማት፤ ራሱንም እየነቀነቀ "ጉድ ነው፣ በደግነት ሊጨርሱን?" አለ።

ከዚያም ከራስጌው ያለውን ኩባያ በቀስታ ወደ እሷ ገፋው።

"አርባ ቀን ግን ይበዛባታል፣ የኔ ዓለም። ከእኔ ድርሻ ትንሽ ብቻ ውሰጂላት፤ ለማንም አልናገርም።"

ትርሲት ጣቶቹን አንድ በአንድ ፈልቅቃ ቁልፉን መልሳ ወሰደች። በሩ ሊዘጋ ሲል ካየችበት ሰዓት ይልቅ አሁን ፈራች።