ሁለት ጣት ክፍተት

ያን ሰሞን መሬቱ እየደጋገመ ይንቀጠቀጥ ነበር። ብርጭቆ በተንኳኳ ቁጥር ልቤ ወደ ብረት ሕንፃው ይሮጣል። ንድፉ የእኔ ነው፤ ብረቱን የሚበይደው ደግሞ እሱ። ለየትኛው እንደምሰጋ ለራሴም አልለየልኝም።

የተዋወቅነው እዚያው ነው። ለቁጥጥር ስወጣ መሰላሉ መሀል ደርቄ ቀረሁ።

«መሐንዲስ ከፍታ ትፈራለች እንዴ?» ብሎ ሳቀና እጁን ዘረጋልኝ። ከወረድን በኋላም እጁን ለመልቀቅ አልቸኮልኩም።

አንድ ጠዋት ሁለት ቀን ቀርቼ ስመለስ፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ወሽመጤ ቁርጥ አለ። ሰያፉ ብረት ከማዕዘኑ ላሜራ ጋር በሚገናኝበት ቦታ፣ ከሰያፉ ጫፍ ቀጥሎ ሁለት ጣት ያህል ላሜራ ምንም ሳይበየድበት ክፍት እንዲተው አዝዤ ነበር። እሱ በየማዕዘኑ ክፍተቱ ላይ ተጨማሪ ብረት በይዶበታል።

«ምን አድርገህ ነው?»

«አጠናከርኩልሻ!» ፊቱ በርቷል። «አንቺ ከሥሩ ነው የምትውይው። በሐሳብ እንቅልፍ አጣሁ እኮ።»

ላቅፈውም ልጮህበትም ፈለግሁ። «የኔ ጌታ፣ መሬት ሲናወጥ ሰያፉ ይጎብጣል። ያኔ ላሜራው ክፍተቱ ላይ አብሮት መታጠፍ አለበት። ከከለከልከው ብየዳው ይበጠሳል። የጨመርከው ሁሉ ተቆርጦ ይነሣ።»

ፈገግታው ጠፋ። የብረት ሥራው የአባቱ ነው፤ አባቱ ደግሞ አንዴ እምቢ ካሉ አለቀ።

«ብረት በዛ ተብሎ ይፈረሳል?» አሉ አባቱ ሰምተው ሲመጡ፣ እኔ እዚያው ቆሜ። «ከቆረጥክ ከቤቴም ከሥራዬም ውጣ!»

እሱ አንዴ እኔን፣ አንዴ እሳቸውን አየና ወረደ። እኔም ርክክቡን አልፈርምም አልኩ። ስልኩ ቀኑን ሙሉ ዝግ ነበር። እሱንም ሕንፃውንም ላጣ ነው፣ ከሁለት ያጣ ጎመን ሆንኩ ብዬ አለቀስኩ።

በማግስቱ ስደርስ ከሦስተኛው ፎቅ የብረት ፍንጣሪ ይረግፋል። ፍርሃቴን ረስቼ ወጣሁ። ብቻውን ይቆርጣል።

«አባትህስ?»

«አስወጡኝ።»

«ለእኔ ብለህ ከሆነ...»

«ላንቺ ብዬማ ነው ያበላሸሁት» አለ፣ ላቡን እየጠረገ። «አሁን የምቆርጠው ልክ ስለሆንሽ ነው።»

ይህን ብሎ ሳይጨርስ ወለሉ ተንቀጠቀጠ። ብረቱ አቃሰተ። ወገቤን ይዞ ከምሰሶው ጋር አጣበቀኝ፤ የማን ልብ እንደሚመታ መለየት አልቻልኩም።

ጸጥ ሲል ከታች «ልጄ! ልጄ!» የሚል ድምፅ ሰማን። አባቱ ሊያስወርዱት መጥተው ኖሮ፣ ትንፋሻቸው ተቆራርጦ ብቅ አሉ። ትከሻውን፣ ፊቱን፣ እጁን ዳሰሱ።

ከዚያ ከወለሉ ላይ ጓንት አንሥተው አጠለቁ።

«ያልተቆረጠው የትኛው ነው?» አሉ፣ ወደ እኔ ዞረው። «አሳዪኝ፣ ልጄ።»