የጓሮው ሜዳና የአድማሴ ጤፍ

በዚያ ዓመት ክረምቱ አልወጣ አለ። መስከረም አልፎ ጥቅምትም ዘነበ። በርበሬው ከነዛላው በሰበሰ። ውሃ ባቆረበት ሁሉ ወባ ተነሣ፤ በማንኩሳ ዙሪያ በሽተኛ ያልተኛበት ቤት አልነበረም። ገበሬው አለበል ታሞ ወደቀ። ሚስቱ እታለምም ወደቀች። ጤፋቸው ደርሶ አጫጅ አጥቶ ቆመ። ጎረቤታቸው አድማሴ የራሱን ማሳ ትቶ የእነሱን አጨደ፣ ከመረ። የራሱን እኩሌታ ዝናብ በላው። አለበል ከአልጋው ሲነሣ «ወንፈል ይሁንብኝ» አለው። ወንፈል የጉልበት ብድር ነው፤ በጉልበት ይወሰዳል፣ በጉልበት ይመለሳል።

በዓመቱ አለበል በሬዎቹን ሸጦ ፍኖተ ሰላም ገባ። በርበሬ ነጋዴ ሆነ፤ ቀናውም። ያኔ ሕፃን የነበረችው ልጁ ሥርጉት አሁን ዘጠነኛ ክፍል ናት፤ በትምህርት ቤቷ የሴቶች ቡድን እግር ኳስ ትጫወታለች።

ዘንድሮ አለበል ባሕር ዳር ሰው ሠራሽ ሣር የለበሰ ሜዳ አየና «በጓሯችን አስነጥፍልሻለሁ» አላት። ጠጠር አስገለበጠ። ጠጠሩን ለመደልደል የማንኩሳ ጎረቤቶቹን በደቦ ጠራ። ወሩ ኅዳር ነው፤ አጨዳ ደርሷል። ቢሆንም ደቦ ተጠርቶ አይቀርምና መጡ። አድማሴም መጣ።

«እንደ አውድማ አድርጋችሁ ጠቅጥቁልኝ» አለ አለበል፣ ወደ ሱቁ እየሄደ።

እንዳለው አደረጉ። ደለደሉ፣ ረገጡ። ከዚያ አድማሴ እበት አስመጥቶ ጠጠሩን ለቀለቀው። አውድማ የሚሠራው እንዲያ ነው፤ እህሉን አፈር እንዳይነካው በእበት ይለቀለቃል።

በማግስቱ፣ ደቦኞቹ ገና ሳይሄዱ፣ ሣር አንጣፊው ወንዳወቅ የሣሩን ጥቅሎች ጭኖ ከባሕር ዳር ደረሰ። ጎንበስ ብሎ አሸተተ።

«እበት ነው እንዴ? ኧረ ፋዘር፣ ጉድ ሠራችሁኝ!»

«ለአውድማ ከዚህ የተሻለ የለም» አለ አድማሴ።

«አውድማ ማን አለ? ሣሩ እኮ ሥሩ ቀዳዳ ነው። ዝናቡ በጠጠሩ መሐል ሰርጎ ነው የሚሄደው። እናንተ ደፈናችሁት። ሐምሌ ላይ ልጅቷ ኳስ ሳይሆን ታንኳ ነው የምትቀዝፍበት!»

ደቦኞቹ ሳቁ። አድማሴ አልሳቀም። «የተበላሸው በእኔ እጅ ነው» ብሎ ዶማ አነሣ። ሌሎቹ ወደ አጨዳቸው ሲመለሱ እሱ ቀረ። የለቀለቀውን ሲፍቅ፣ ጠጠሩን ሲያገላብጥ እስከ ረቡዕ ምሽት ቆየ።

ሐሙስ ሣሩ ተነጠፈ። ጥቅሉ ሲዘረጋ፣ መጋጠሚያው በማስቲሽ ሲያያዝ፣ አሸዋ ተበትኖ በመጥረጊያ ሲገባበት ሥርጉት ከአጠገቡ አልራቀችም። ጓደኛዋ ሀኒ ጫማዋን አውልቃ ተንከባለለችበት።

«አቦ ይመቻል! ነገ መምህር ክንፈሚካኤል ለዞን ቡድን የሚመርጠን እዚሁ ነው። አንቺማ በገዛ ሜዳሽ ገብተሻል በቃ!»

«ገና ነው» አለች ሥርጉት። ፈገግታዋን ግን መደበቅ አልቻለችም።

ወደ ማታ እናቷ እታለም ደጅ ቆማ ሰማዩን አየች። ያለ ወቅቱ ደመና ቋጥሯል።

«አድማሴ ጤፉን አላጨደም» አለች።

«ለምን?» አለች ሥርጉት።

«እዚህ ጠጠር ሲፍቅ ሰነበተ እንጂ! ነገ ካልታጨደ ቅዳሜና እሑድ ሰንበት ነው፤ ማጭድ አይነሣም። ይሄ ደመና ደግሞ ሰኞን አይጠብቅለትም። ከማሚቱ በቀር አጋዥ የለው።»

ማሚቱ የአድማሴ ሚስት ናት። እታለም ያን የወባ ዓመት ለልጇ ነገረቻት። ሥርጉት ሰምታው አታውቅም።

«እስካሁን አልመለስንላቸውም?»

«በየዓመቱ ዘንድሮ እንላለን» አለች እናቷ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

እራት ላይ ሥርጉት አባቷን ጠየቀች።

«አባየ፣ የአያ አድማሴ ጤፍ እኮ...»

«ሰምቻለሁ። የቀን ሠራተኛ እልክለታለሁ።»

«በአጨዳ ጊዜ ሠራተኛ ከየት ይገኛል?»

አለበል ሌላ ጉርሻ ጠቀለለ። «ነገ ሜዳውን የሚያዩ እንግዶች ከወረዳ ይመጡብኛል። እናትሽም ታስተናግዳለች። አንቺ ኳስሽን ተጫወቺ። ይሄ የትልልቅ ሰው ነገር ነው።» ዓይኗን አላያትም።

ዓርብ ማለዳ ሥርጉት ለእናቷ ብቻ ተናግራ ወጣች። በመንገዷ የሀኒን በር አንኳኳች።

«ማንኩሳ ልሄድ ነው። ጤፍ ላጭድ።»

«ቀልድሽን ነው! ዛሬ? መምህር ይሰርዝሻል እኮ! ቆይ፣ አሟታል ልበልልሽ?»

«አትዋሺ። የሄድሁበትን ንገሪው።»

«እና ቢሰርዝሽስ?»

«ይሰርዘኝ» አለች። ፊቷን ወደ መንገዱ አዞረች።

ማንኩሳ ስትደርስ አድማሴና ማሚቱ ማሳው ጥግ ላይ ጎንብሰዋል። የታጨደው ጥቂት ነው። አድማሴ ሲያያት ደነገጠ።

«ምነው ልጄ? ሰው ታመመ?»

«ማንም አልታመመም። ማጭድ ይስጡኝ።»

«በማርያም! እንግዳ ያጭዳል እንዴ? ማሚቱ፣ ቤት አስገቢያት።»

«እንግዳ አይደለሁም፣ አያ አድማሴ። የአለበል ወንፈል ነኝ።»

አድማሴ ቀና ብሎ ፊቷን ተመለከተ። የያዘውን ማጭድ ሰጣትና ለራሱ ሌላ ሊያመጣ ሄደ።

«ከሥሩ ያዢ እንጂ፣ አንገቱን አትቁረጪው!» አለቻት ማሚቱ። «እንደ ኳሱ በእግር ቢሆን እንዴት በቀናሽ!»

ሥርጉት ሳቀች፤ ሳቁ ብዙ አልቆየም። መዳፏ ውሃ ቋጠረ፣ ፈነዳ። በጨርቅ አሰረችው። ከሰዓት በኋላ፣ አሁን ፊሽካው ይነፋል ብላ አሰበች። ሀኒ ኳሷን ስትገፋ ታያት። ወገቧን አላቀናችም፤ የሚቀጥለውን ጭብጥ ያዘች።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ማሳው አለቀ። ነዶውን ተሸክመው ከመሩት። አድማሴ የክምሩን ጫፍ በሣር ከድኖ ሲወርድ የመጀመሪያው የዝናብ ጠብታ ወደቀ።

«ማሚቱ!» ብሎ ተጣራ፤ ጎረቤት እንዲሰማ ጮክ ብሎ። «ምስክር ሁኚ። የአለበል ወንፈል ተመልሷል!»

«የእኔ እኮ የአንድ ቀን ነው» አለች ሥርጉት። «እርስዎ ያኔ የሠሩት ብዙ ነው።»

«ብዛቱን የማውቀው እኔ ነኝ። ተመልሷል አልሁ።»

ዝናቡ በረታ። ሥርጉት ማጭዱን በቀሚሷ ጫፍ ጠርጋ በሁለት እጇ መለሰችለት።