ከአፈር በታች የቀረው

ውሃው ወገቧ ላይ ሲደርስ መምህርቷ ገመዱን በሁለት እጇ ጨበጠች። ተራራው ላይ የጣለው ዝናብ ወንዙን አደፍርሶታል፤ ከእግሯ ሥር ያለው ድንጋይ እየተንከባለለ ይከዳታል። የገመዱን ሌላ ጫፍ ማዶ ካለ ዛፍ ጋር ያሰረው ሰው ክንዱን ዘርግቶ ይጠብቃታል።

«ውሃውን አይዩት። እኔን እያዩ ይምጡ።»

መጣች። ክንዷን ይዞ ጎትቶ አወጣት፤ ጫማዋ ውስጥ የገባውን ውሃ እንኳ ሳታፈስ ዳገቱን ተያያዙት።

ሰውየውን ገበያተኛው ሁሉ «ቢላዋ» ይለዋል። የሚኖረው የዱር እንጉዳይ ለቅሞ እየሸጠ ነው። እንጉዳይን ከነአፈሩ መንግሎ የሚያወጣ ለቃሚ እሱ ዘንድ ባለጌ ነው። እሱ የእንጉዳዩን እግር ከመሬት በላይ በስለት ቀንጥሶ፣ ጠራርጎ፣ ንጹሕ አድርጎ ነው ለገበያ የሚያቀርበው። ከትናንት ወዲያ የለቀመውን ግን አልሸጠውም፤ እናታቸው ከሞተች ወዲህ አዝላ ላሳደገችው ታላቅ እህቱ ሰጣት። እሷም ጠብሳ በላችው። በማግስቱ ከገበያ ሲመለስ ትውከትና ተቅማጥ አጣድፏት፣ ግድግዳ ተደግፋ አገኛት።

የከተማው ሐኪም በኮሌጅ ስለ እንጉዳይ የምታስተምረውን ሴት አስጠራ። ከቆሻሻ መጣያው ውስጥ አንዲት የቆብ ቁራጭ ብቻ ተገኘች። ላይዋ ነጭ፣ ከሥሯ የተደረደሩት ስስ ክንፎችም ነጭ። መምህርቷ ቁራጯን በመስኮቱ ብርሃን እያገላበጠች ብዙ ቆየች።

«ይህ ከሁለት አንዱ ነው» አለች። «አንደኛው የሚበላ ነው፤ ካልበሰለ ሆድ ያውክና ይተዋል። ሁለተኛው ጉበት ይጨርሳል። የሚለያቸው እግራቸው ሥር፣ አፈር ውስጥ ያለው ነው። እሱስ የት አለ?»

ቢላዋ አንገቱን ደፋ። «እዚያው ጫካ። ቆርጬ ነው የማነሳው።»

በሽተኛ ወደ ትልቁ ሆስፒታል የምታደርስ መኪና አንዲት ናት፤ ሌላ በሽተኛም እየጠበቃት ነው። ከሰዓት በኋላ ጎርፉ መንገዱን ይዘጋዋል። ሐኪሙ በግምት አልልክም አለ። እንግዲህ ሁለቱ ጫካ የገቡት የተቆረጠ እግር ፍለጋ ነው።

ጫካው ውስጥ ዝናቡ ከላይ ቢያባራም ከቅጠል ላይ መንጠባጠቡን አላቆመም። ቢላዋ እየታጠፈ፣ እየተጠማዘዘ ይመራል። መብረቅ የሰነጠቀው ግንድ አጠገብ ሲደርሱ መምህርቷ ቆመች።

«በዚህ አልፈናል።»

«ጫካ እኮ ይመሳሰላል።»

«ጫካው ይመሳሰል። ግንዱ ላይ ያለውን ቢጫ እንጉዳይ አየኸው? ጫፉን ቀንድ አውጣ በልቶታል። ቅድም እሱን ሳይ ነበር የተደናቀፍኩት። እያዞርከኝ ነው?»

ቢላዋ ወደ እሷ ዞረ።

«ለቃሚ ቦታውን ለሰው አያሳይም» አለ። «አባቴ እንኳ ያሳየኝ ሊሞት ሲል ነው። ሰው ከኋላዬ ካለ እግሬ ራሱ ይዞራል። ወላሂ ሳላስበው ነው።»

«እህትህ እኮ ናት።»

«አውቃለሁ። አይድገሙብኝ።»

ከዚያ በኋላ መንገድ አልፈለገም። እሾሁን በደረቱ እየጣሰ ሽቅብ ወጣ፤ እሷም ጃንጥላዋን እንደ ምርኩዝ እየተከለች ተከተለችው። ኔትወርክ የሚገኝበት ጫፉ ላይ ሲደርሱ ስልኳ ጮኸ። ሐኪሙ ነው።

«ተሽሏታል፤ ሾርባም ጠጥታለች። መኪናውን ለሌላው ልስጠው?»

«እባክህ ትንሽ ታገሠኝ።»

ቢላዋ ስልኩን ለመናት። የእህቱ ድምፅ ቀጭን ቢሆንም ቁጣው ያው ነው። «አንተ ልጅ፣ በዚህ ዝናብ የት ነው የምትንከራተተው? ያ ጫማህ ያፈሳል አላልኩህም?»

«መጣሁ እትዬ» አለና ስልኩን መለሰ። ፊቱ በርቷል። «ተሻላት።»

መምህርቷ ልትዋሸው አልፈለገችም። «ያስፈራኝ መሻሏ ነው። ክፉው እንዲህ ነው የሚያደርገው። ያሳርፍሃል፤ ውስጥ ውስጡን ግን ሥራውን ይሠራል።»

እየተንሸራተቱ ወረዱ። ከታች ዛፍ የከበበው ሣር ሜዳ አለ፤ የለቀመው ከዚህ ነው። ጠርዙ ላይ ሲደርሱ የማንኮራፋት ድምፅ ሰሙ፤ የከርከሮ መንጋ ሜዳውን በአፍንጫው እያረሰ ነው። የሜዳው ግማሽ ተገልብጧል።

«እግሮቹ» አለ ቢላዋ፤ ሌላ ነገር ሳያስብ እየጮኸ ሮጠ። ግልገሎቹ ተበተኑ። ወንዱ ግን ዞረ፤ ቀንድ የመሰለ ጥርሱን ዝቅ አድርጎ ተወረወረበት። መምህርቷ ዘልላ መሐል ገባችና ጃንጥላዋን አፍንጫው ላይ ዘረጋችው። አውሬው ድንገት በተነፋው ጥቁር ነገር ደንግጦ ወደ ጎን ታጠፈ፤ የቢላዋን ሱሪ ከጉልበቱ በታች ተርትሮ ቁጥቋጦው ውስጥ ገባ። ሁለቱም ጭቃው ላይ ተቀመጡ። ስሙን ያልጠሩት አምላክ እንዳተረፋቸው ሁለቱም ያውቃሉ።

«ገዢ ይዘህ መጣህ ደግሞ?»

ከኋላቸው አንድ ሰው ገጀራ ይዞ ቆሟል፤ ውሻው ጥርሱን ያሳያል። የቢላዋ ያጎት ልጅ ነው፤ እሱም ለቃሚ ነው። በዚህ ሜዳ የተነሳ ሰላምታ ካቆሙ ከርመዋል።

«አባቶቻችን የተጣሉበትን ቦታ ለከተማ ሰው ልትሸጠው ነው? አንድ እርምጃ ጨምር፣ ውሻውን እለቀዋለሁ።»

የቢላዋ እጅ ኪሱ ገባ። ስለቱን አወጣው፤ አጠፈውና ከሰውየው እግር ሥር ጣለው።

«ውሰደው። ቦታውንም ውሰደው። እትዬ ከዚህ የለቀምኩትን በልታ ልትሞትብኝ ነው።»

«የትኛዋ እትዬ?»

«ስንት አለችን?»

ሰውየው ውሻውን ዛፍ ላይ አስሮ ተንበረከከ። «ከትናንት ወዲያ እዚያ ማዶ ሆኜ ሳይህ ነበር። የት የት እንደቆረጥክ አሳያችኋለሁ።»

ከርከሮዎቹ ያልደረሱበትን ሣር ገለጠ። በምላጭ የተቀነጠሱ የመሰሉ እግሮች ታዩ። መምህርቷ በጣቶቿ ቆፍራ አንዱን አወጣች። ታቹ ቀጥ ያለ፣ ምንም ያልከበበው ነው። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም እንደዚያው።

«የሚበላው ነው» አለች።

«ተመስገን» አለ ቢላዋ፤ ግንባሩ መሬት ነካ።

እሷ ግን አልተነሳችም። «ሁሉንም ከዚሁ ነው የለቀምከው?»

«ጥቂት ደግሞ ከዚያ ጫፍ። ያው ሣር ነው፤ ዛፍ የለበትም።»

ቀና ብላ አየች። ከጫፉ ወዲያ፣ ከሌሎቹ ተነጥሎ፣ አንድ ያረጀ የባሉጥ ዛፍ ቆሟል። «ክፉው ከዛፍ ሥር ጋር ነው የሚኖረው» አለች እየተነሳች።

«ዛፉ እኮ ሩቅ ነው።»

«ግንዱ ነው ሩቅ። ሥሩ ሣሩን አልፎ እዚህ ድረስ ይመጣል።»

ሦስቱም በጉልበታቸው እየዳሁ ሣሩን በጣታቸው አበጠሩ። ያገኘው ያጎቱ ልጅ ነው፤ ግን አልነካውም። መምህርቷ ዙሪያውን ቀስ ብላ ቆፈረች፤ አፈሩን እፍ አለችበት። የተቆረጠው እግር የእንቁላል ቅርፊት በመሰለ ነጭ ከረጢት ውስጥ ተቀምጧል።

ቢላዋ ስልኩን ከእጇ ነጥቆ በዚያች በተተረተረች ሱሪ ሽቅብ ሮጠ፤ እሷ ከታች ትጮኻለች፦ «ከረጢት አለው በለው! አሁኑኑ ይላካት!»

መኪናዋ ጎርፉን ቀድማ አለፈች።

እህቱ ስትመለስ ዓይኗ ገና ቢጫ ነበር፤ ከስታለችም፤ ግን በራሷ እግር ነው ደጁን የረገጠችው። መጀመሪያ ያየችው ጫማውን ነው።

«አሁንም አልቀየርከውም?»

በቀጣዩ ክረምት ቢላዋና ያጎቱ ልጅ የሠፈሩን ለቃሚዎች በሙሉ ወደዚያ ሜዳ ወሰዷቸው። በቀጥታው መንገድ፤ ከወንዙ ማዶ ዳገቱን እንደወጡ ነው። ባሉጡን አሳዩአቸው፤ አፈሩ ሥር ያለውንም አሳዩአቸው።

ገበያ ላይ አንዲት ደንበኛው ቅርጫቱን አየችና ከንፈሯን ጣለች። «ቢላዋ፣ የዛሬው ምነው አፈር በአፈር?»

አንዱን እንጉዳይ ከነሥሩ አንስቶ፣ ታቹን ወደ ብርሃን አዙሮ ደግሞ አየው።

«ይኑርበት» አላት።