ጥጉ ያልተቆረጠው ቅጠል

አባባ መቀስ በመዝገብ ቤቱ ወለል ላይ በጀርባቸው ተዘርግተዋል። አጠገባቸው መሰላል ከመደርደሪያው ጋር ተደግፎ ቆሟል፤ ሠላሳ ዓመት ያልተለያቸው መቀስ እንደ ወትሮው በክር ታስሮ አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሏል። ትክክለኛ ስማቸውን ማን ያስታውሳል? የመድን ድርጅቱ ሰው ሁሉ፣ ከዘበኛው እስከ ሥራ አስኪያጇ፣ «አባባ መቀስ» ነበር የሚላቸው።

መርማሪዋንም ቢሆን በስሟ የሚጠራት የለም። ሰው ሲጣደፍ «ቆይ እስቲ» ማለት ልማዷ ነውና ባልደረቦቿ «ቆይ እስቲ» ብለው ሰየሟት። በፊቷ ግን «ኢንስፔክተር» ይሏታል፤ ምላሷን ይፈሩታላ!

«ፋይል ሊያወርዱ ወጥተው ወደቁና ሞቱ በቃ» አለ የድርጅቱ የአደጋ ገማች፣ እጁን አጣምሮ። «ዕድሜ ነው እንግዲህ። ስንቴ መክረናቸዋል መሰለዎት!»

«ምን መውደቅ አመጣው!» ዘበኛው ከበሩ ጮኸ። «ያቺ ልጅ ናት እንጂ! ጠዋት ስትረግማቸው በዚህ ጆሮዬ ሰምቻለሁ። ከሰዓት ተመልሳ መጣች፤ ስትወጣ እንባዋን እየጠረገች ነበር።»

«ቆይ እስቲ። የትኛዋ ልጅ?»

ልጅቷ ገና ሃያ አንድ ዓመቷ ነው። በሟች አባቷ አሮጌ መኪና ዳቦ ለየሱቁ ታደርሳለች፤ እናቷና ሁለት ወንድሞቿ የሚተዳደሩት በዚያች መኪና ገቢ ነው። ከሁለት ሳምንት በፊት ከግንብ ጋር ተላተመች። «ከኋላ ገፍቶኝ ያመለጠ መኪና አለ» ብትል የሰማት የለም። «ወጣት ናት፣ ፈጥና ነው» ተባለና ሰኞ ዕለት የመድን ውሏ ተሰረዘ። መድን የሌለው መኪና ደግሞ ከግቢ አይወጣም። አሁን፣ ረቡዕ ከሰዓት፣ ከመኪናው አልፎ ነገሩ ወደ ራሷ ሊዞር ነው፤ ፖሊሶቹ ከቤቷ ሊያመጧት ሄደዋል።

ቆይ እስቲ ልጅቷ እስክትመጣ ድረስ ግቢውን ዞረችው። በር አጠገብ የቆመ ነጭ መኪና ዐይኗን ያዘው፤ ከኋላ መብራቶቹ አንዱ የደበዘዘ ነው፣ ሌላው አዲስ።

«የገማቹ ናት» አለ ዘበኛው። ወሬ ሲያገኝ ሐዘኑን የሚረሳ ሰው ነው። «ዓመት ሙሉ ያንን መብራት በቀይ ፕላስተር ጠቅልሎ ሲነዳ ‹የሰው ስብራት ይገምታል፣ የራሱን ያሽጋል› እያልን ስንስቅበት ኖርን። በቀደም ዕለት ጉድ ነው፣ አሠራው!»

ልጅቷ በፖሊሶቹ መሀል ሆና መጣች።

«ምን ብለሽ ነው የረገምሻቸው?»

አንገቷን ደፋች። «‹እንደ ፋይሌ ቆርጦ ይጣልህ!› አልኳቸው። አያቴ የሚሆኑትን ሰው ‹አንተ› ብዬ…»

«እሳቸውስ?»

«አልተቆጡም። ‹ከሰዓት ተመለሺ፣ ልጄ› አሉኝ። ተመልሼ ባንኳኳ የሚከፍት የለም። የሸወዱኝ መስሎኝ እያለቀስኩ ሄድኩ።»

«ገፋኝ ላልሽው መኪና ማስረጃ አልሰጠሽም?»

«ፎቶ ሰጥቻለሁ! አደጋው ፎቶ ቤት ፊት ለፊት ነው የደረሰው፤ መኪናው እየሸሸ ሳለ የፎቶ ቤቱ ባለቤት ከኋላው አንስቶታል። ሰሌዳው ግን አይነበብም። ያለኝ እሱ ብቻ ነበር።»

ፋይሉ አባባ መቀስ ጠረጴዛ ላይ ነበር። ቆይ እስቲ ገለጠችው። ፎቶ የሚባል ነገር የለም። ሽፋኑ ላይ በሽማግሌው ጽሑፍ «ስድስት ቅጠል» ይላል፤ ብትቆጥር ስድስት ነው። ያለ ፎቶውም ሞልቷል። እውነቱን ለመናገር፣ ያን ጊዜ ልጅቷን ጠረጠረቻት። የሚያለቅስ ሁሉ ንጹሕ አይደለም፤ ስንቱ እንባውን አዘንቦባታል። ቢሆንም የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነውና ፋይሉን ይዛ ወደ ሥራ አስኪያጇ ቢሮ ገባች።

«የዚህ ፋይል ጥግ ለምን ተቆረጠ?»

«የአባባ መቀስ ልማድ ነው» አለች ሥራ አስኪያጇ፣ ቀለበቷን እያሽከረከረች። «ውል ሲሰረዝ ፋይሉን ከነቅጠሉ ዘግተው የቀኙን ጥግ ይቆርጡታል። የሞተ ፋይል ከሕያው እንዳይቀላቀል። ከዚያ ታችኛው መደርደሪያ ላይ ያኖሩታል።»

«ቀለበትዎ ጣትዎን ሊልጠው ነው። ምንድን ነው የደበቁኝ?»

ሴትዮዋ ቀለበቷን ለቀቀች። «ምሳ ሰዓት ላይ መጥተው ‹ልጅቷ እውነቷን ነው፣ ውሏ ይመለስ› አሉኝ። የሰረዝኩት እኔ ነኝ። ፋይሉን ሳላይ መፈረሜ እንዳይታወቅብኝ ፈራሁ።»

«ማን ሰማ?»

«ሁላችንም ምግብ ላይ ነበርን። ዘበኛውም፣ ገማቹም።»

ቆይ እስቲ ወደ መዝገብ ቤቱ ተመልሳ የሟቹን መሳቢያ ስትስብ አንድ የከረሜላ ቆርቆሮ አገኘች። ከከፈተችው በኋላ ለረጅም ጊዜ ከወንበሩ አልተነሳችም።

ሐሙስ ጠዋት አራቱንም መዝገብ ቤቱ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ዘበኛው ልጅቷን በጎሪጥ ያያታል፤ ሥራ አስኪያጇ ማንንም አታይም።

«ከመሰላሉ ልጀምር» አለች ቆይ እስቲ። «ፋይል ሊያወርዱ ወጡ ተባለ። ያን ዕለት ጠረጴዛቸው ላይ የነበረው ፋይል አንድ ነው፤ እሱም የተሰረዘ። የተሰረዘ ፋይል የሚቀመጠው ታች ነው። ታች ላለ ነገር መሰላል የሚወጣ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? መሰላሉን ያቆመው ሌላ ሰው ነው።»

«አላልኳችሁም? እሷ ናት!» አለ ዘበኛው።

«ቆይ እስቲ!» ከፋይሉ አንድ ወረቀት መዝዛ ለገማቹ አቀበለችው። «ይህ የግምት ወረቀት የእርስዎ ነው?»

«የእኔ ነው።»

«መቼ ገባ?»

«አደጋው በደረሰ ማግስት። በእጄ ነው ያስገባሁት፤ ቀኑም ተጽፎበታል።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«ምን ነካዎት? በእጄ ነው የምልዎት!» አለ አፉን ሞልቶ።

ሌሎቹን አምስት ቅጠሎች አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። የሁሉም የቀኝ ጥግ ተቆርጧል። የገማቹ ወረቀት ብቻ አራቱም ጥጉ ሙሉ ነው።

«አባባ መቀስ ሰኞ ዕለት ፋይሉን ከነቅጠሉ ቆርጠዋል። ይህ ወረቀት ያኔ ውስጡ ቢኖር ኖሮ ከመቀሱ በየት ያመልጣል? ስለዚህ ከሰኞ በኋላ አንድ ቅጠል ወጥቶ በምትኩ ይህ ገብቷል፤ ቁጥሩ ስድስት እንዲሞላ። ጥጉን መቁረጥም ይቻል ነበር። ግን መቀሱ ያለው ሬሳ አንገት ላይ ነው። እሱን ለመፍታት እጅ አልታዘዘም።»

ገማቹ ላቡን ጠረገ። «ታዲያ የወጣው ምን እንደሆነ ማን ያውቃል?»

«እሳቸው ያውቃሉ።» ቆርቆሮውን ከፈተችው። «የቆረጧቸውን ጥጎች አይጥሉም ነበር። በየፋይሉ ሰፍተው፣ ቁጥር ጽፈው፣ ወሩ እስኪያልቅ ያስቀምጣሉ። የዚህች ልጅ ይኸው፤ አንድ የሽፋን፣ አምስት የወረቀት፣ አንድ ደግሞ የሚያብረቀርቅ። የፎቶ ጥግ ነው።»

ለዘበኛው አቀበለችው። «ምን ይታይሃል?»

ዘበኛው ጥጉን ወደ መስኮቱ አስጠጋ። ድምፁ ወረደ። «ነጭ መኪና… የኋላ መብራቱ… በቀይ ፕላስተር…» ቀና ብሎ ገማቹን አየው። «ወይኔ! አንተ ነህ እንዴ?»

«ገጭቶ ያመለጠ ገማች ሥራውም መንጃ ፈቃዱም ያልቅለታል» አለች ቆይ እስቲ። ከዚህ በኋላ «እርስዎ» ማለቱንም ተወችው። «ስለዚህ ምንም ወረቀት ሳታስገባ፣ በቃልህ ብቻ ጥፋቱን ልጅቷ ላይ ደፈደፍክ፣ ውሏን አሰረዝክ። ሽማግሌው ግን ከእርግማኗ በኋላ ፋይሉን ደግመው አዩና መብራትህን ለዩት። ምሳ ላይ ሰማህ፤ ፎቶውን ልትወስድ መጣህ።»

«ስጡኝ አልኳቸው!» ገማቹ ወንበሩ ላይ ተዘረጠጠ። «ለምኛቸው ነበር። እምቢ ሲሉኝ ገፋኋቸው፤ ግርግዳው… እሷ ስታንኳኳ እኔ እዚሁ ውስጥ ነበርኩ። እግዚአብሔር ያውቃል፣ ልገድላቸው አልፈለግኩም።»

ፖሊሶቹ ይዘውት ወጡ። ዘበኛው ወደ ልጅቷ ዞሮ «ይቅር በይኝ፣ እህቴ» አለ።

ቆይ እስቲ ከመሳቢያው ሌላ ነገር አወጣች። አዲስ የፋይል ሽፋን ነው፣ ጥጉ ያልተነካ። የልጅቷ ስም በሽማግሌው የእጅ ጽሑፍ ሰፍሯል፤ ከሥሩ «በስህተት የተሰረዘ፤ ይመለስ» ይላል። ቀኑ የረቡዕ ነው።

ልጅቷ አንብባው ደረቷ ላይ ለጠፈችው። «ከሰደብኳቸው በኋላ ነው እኮ የጻፉት። ይቅርታ እንኳ ሳልላቸው…» ቆይ እስቲ ትከሻዋን ያዝ አደረገቻት።

ሥራ አስኪያጇ ብዕሯን አወጣች። በዚህ ጊዜ እያንዳንዱን ቅጠል አንብባ ፈረመች። ዘበኛው ፋይሉን ተቀብሎ ወደ ታችኛው መደርደሪያ ሊያስገባው ጎንበስ አለ።

«እዚያ አይደለም» አለች ልጅቷ። እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች፣ ፋይሉን ወሰደች፣ መሰላሉን ወጥታም ከሕያዎቹ መካከል አስቀመጠችው።